የባሕር ዳርን የድሮ መቃብር እንዴት እናንብብ?

የአያቴን መቃብር ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ግቢው ሰፊ ሆኖ አይደለም። የምፈልገው ስም ድንጋዩ ላይ ስላልነበረ ነው። እኛ ቤት፣ ጎረቤቱም፣ ዕድሩም የሚጠራት በዓለም ስሟ ነበር። ድንጋዩ የያዘው ግን የክርስትና ስሟን ብቻ ነው። ደጋግሜ አጠገቡ አልፌያለሁ። በመጨረሻ አንዲት እማሆይ «የማንን ነው የምትፈልገው የኔ ልጅ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «የክርስትና ስሟስ?» ሲሉኝ ዝም አልኩ። አላውቀውም ነበር።

ያን ቀን እናቴ ጋ ደውዬ ጠየቅኩ፤ ተመልሼም አገኘኋት። ከዚያ ወዲህ የከተማችንን የመቃብር ቦታዎች ቀስ ብሎ ማየት ልምዴ ሆነ። «ሰው መቃብር ሊያይ ይሄዳል ወይ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ደርሶኛል። ይሄዳል። ባሕር ዳር ውስጥ ያለፈውን ሰው በስሙ፣ በማዕረጉ፣ በአገሩ የምታገኙበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም። ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቷል። ድንጋዩ ግን፣ ካልተነሳ፣ እዚያው አለ። ከዚህ በታች የምጽፈው እኔ እየተሳሳትኩና እየተማርኩ የደረስኩበትን አካሄድ ነው።

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ጠይቁ

ወደ ግቢው ከመሄዳችሁ በፊት ታላላቆቻችሁን ቁጭ አድርጋችሁ አነጋግሩ። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው። የሟቹ የክርስትና ስም ምንድን ነው? የሞተበት ወርና ቀን ከየትኛው በዓል አጠገብ ነበር? ዕድሩስ የትኛው ነው?

የክርስትና ስም የምለው ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ ዓይነቱን ነው። ካህን ፍትሐት የሚፈታው በዚህ ስም ነው። ስለዚህ በድሮ ድንጋይ ላይ ብቻውን፣ አንዳንዴም ከዓለም ስሙ ጋር ይጻፋል። ቀኑን ሽማግሌ ሰው በቁጥር ላያስታውሰው ይችላል። «የሐና ዕለት»፣ «ፍልሰታ ሊገባ ሲል» ይላችኋል። እሱንም እንዳለ ጻፉት፤ ኋላ ይጠቅማል።

ዕድሩን የጠየቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የድሮ ዕድሮች መዝገብ አላቸው። ማን ሞተ፣ መቼ ሞተ፣ ለቤተሰቡ ስንት ተሰጠ የሚለው በጸሐፊው እጅ ተጽፎ ይቀመጣል። ያ ደብተር ከድንጋዩ በላይ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ድንጋይ ለማሠራት አቅም ያልነበረው ሰው እንኳ ስሙ እዚያ ይገኛል። የዕድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊ በአክብሮት ጠይቁ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ስለሌለ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል።

ለመንገዱ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ደብተር፣ እርሳስ፣ ስልክ፣ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ትንሽ መስታወት። እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ በካፊያ ስለሚፈስ ነው።

ቀን ምረጡ፣ ፈቃድ ጠይቁ

በባሕር ዳር የድሮው መቃብር የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የሐይቁ ዳር ጊዮርጊስን ውሰዱ። ከተማዋ ራሷ ድሮ ባሕር ጊዮርጊስ ትባል ነበር፤ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ደብር ነው። ግቢው ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ በፔድሮ ፓኤዝ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ። ጉብኝታችሁን ከዚህ ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ የአካባቢው ጥቁር ድንጋይና የኖራ ሥራ ምን እንደሚመስል ዓይናችሁ ይለምደዋል።

ወር በገባ በ23 የጊዮርጊስ ቀን ነው። ዓመታዊው ደግሞ ሚያዝያ 23 ይውላል። እነዚህ ቀናት ለፎቶ አይመቹም፤ ግቢው በሰው ይሞላል። ሽማግሌዎችን አግኝቶ ለመጠየቅ ግን ከእነሱ የተሻለ ቀን የለም። ድንጋይ ለማንበብ አዘቦት ቀን ሂዱ። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚሆን ሰዓቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ነጠላ ልበሱ። እንደገባችሁ ተሳለሙ። ከዚያ የደብሩን አስተዳዳሪ ወይም ቄሰ ገበዙን ፈልጉ። «ይባርኩኝ አባ» ብላችሁ መስቀል ከተሳለማችሁ በኋላ የመጣችሁበትን በግልጽ ንገሯቸው። ማንን እንደምትፈልጉ፣ ፎቶ ልታነሡ እንደምትፈልጉ፣ ፎቶው ምን እንደሚሆን። ያለ ፈቃድ አንድም ፎቶ አታንሡ። የሌላ ሰው ቤተሰብ ኀዘን ነውና።

ቀብር ካጋጠማችሁ ሥራው ለዚያ ቀን አብቅቷል። ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ከለቀስተኛው ኋላ ቁሙ፣ «ነፍስ ይማር» በሉ። ቤተሰቡ አጠገባችሁ ሲያልፍ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ማለት እንግዳም ብትሆኑ ወጉ ነው።

ሳታነቡ ዙሩ

አብዛኛው ሰው እንደገባ ትልቁ ሐውልት ሥር ይቆማል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን መጀመሪያ ምንም ሳላነብ ግቢውን አንድ ጊዜ እዞራለሁ። በዚህ ዙር የምታዩት የግቢውን አሰፋፈር ነው።

አቅጣጫውን ልብ በሉ። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ሟች የሚቀበረው ራሱ ወደ ምዕራብ፣ እግሩ ወደ ምሥራቅ ሆኖ ነው። ትንሣኤ ሲሆን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ እንዲነሣ ነው ይላሉ አባቶች። ስለዚህ ከመስመር ወጥቶ የተጋደመ ድንጋይ ስታዩ ጠርጥሩ። ከቦታው ተነስቶ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል። በአንድ ግቢ ውስጥ ፊደል ያለበት ድንጋይ የመረማመጃ ደረጃ ሆኖ አግኝቻለሁ። ግማሹ ስም ተረግጦ ጠፍቷል። ቦታ ሲጠብ፣ አጥር ሲታጠር፣ አዲስ ሕንፃ ሲነሳ እንዲህ ይሆናል። ለዚህ ነው ዛሬ ነገ አትበሉ የምለው።

ቀጥሎ ዕድሜውን በግምት ለዩ። ከዛፎቹ ሥር፣ ከወይራውና ከዋንዛው አጠገብ፣ ክምር ድንጋይ ብቻ ታያላችሁ። ጽሑፍ የለውም። የጥንቱ ሰው አብዛኛው የተቀበረው እንዲህ ነው። ቀጥሎ ጥርብ ጥቁር ድንጋይ ይመጣል፤ ከዚያ ሲሚንቶ፣ ከዚያ ቴራዞ፣ አሁን ደግሞ እምነበረድና ግራናይት። ይህ ቅደም ተከተል ፍጹም አይደለም። ድሃ ቤተሰብ ዛሬም በሲሚንቶ ይሠራል። የሃብታም የልጅ ልጅ ደግሞ የአያቱን አሮጌ ድንጋይ አንስቶ እምነበረድ ይተካል። በእኔ አስተያየት ይህ የመጨረሻው ትልቅ ጥፋት ነው። አዲሱን ማሠራት ያስከብራል፤ ግን አሮጌው ድንጋይ እዚያው ሥሩ ቢቀመጥ ምን ይጎዳል?

አንድ ማሳሰቢያ። በትልልቅ አድባራት ግቢ ውስጥ ጣሪያና በር ያላቸው መቃብር ቤቶች አሉ። የአንድ ቤተሰብ ሙታን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያርፉባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ግን ሕያዋንም ይኖራሉ፤ የቆሎ ተማሪ፣ መነኩሲት፣ ጧሪ የሌላቸው አሮጊት። በሩ ክፍት ነው ብላችሁ ዘው እንዳትሉ። ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ። ስለዚያ መቃብር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አሁን አንብቡ፤ ከቁጥሩ ጀምሩ

የድሮ ድንጋይ ላይ ዓመቱ በግዕዝ አኃዝ ነው። ከትምህርት ቤት ወዲህ ለረሳችሁት ላስታውሳችሁ። ከ፩ እስከ ፱ አንድ እስከ ዘጠኝ ነው። ፲ አሥር፣ ፳ ሃያ፣ ፴ ሠላሳ፣ ፵ አርባ፣ ፶ ሃምሳ፣ ፷ ስልሳ፣ ፸ ሰባ፣ ፹ ሰማንያ፣ ፺ ዘጠና፣ ፻ መቶ። ዜሮ የለም። ፲፱፻ ሲባል አሥራ ዘጠኝ መቶ ነው። ስለዚህ ፲፱፻፴፪ ማለት 1932 ነው።

የፈረንጁን ዓመት ለማወቅ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ደምሩ። ሐምሌ 1932 ማለት እ.ኤ.አ. 1940 ነው።

ችግሩ ድንጋዩ ሲበላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የመጨረሻው አኃዝ ነው፤ ዳር ላይ ስላለ። እዚህ ላይ አንድ ድንቅ መፍትሔ አለ። የድሮ ጸሐፊዎች ዓመቱን ከወንጌላዊው ጋር ይጽፋሉ፤ «በዘመነ ዮሐንስ» ወይም «በዘመነ ሉቃስ» እያሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ፣ ለአራት አካፍሉ። አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው።

እንሞክረው። ድንጋዩ «በዘመነ ዮሐንስ ፲፱፻፴» ብሎ የመጨረሻው አኃዝ ተፍቋል እንበል። በ1930ዎቹ ውስጥ ዘመነ ዮሐንስ የሆኑት 1932 እና 1936 ብቻ ናቸው። ከሁለት አንዱ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው የጣልያን ወረራ ዘመን ነው፤ ሁለተኛው ነፃነት ከተመለሰ በኋላ። ድንጋዩ ላይ ስለ አርበኝነት የሚናገር ቃል ካለ፣ ወይም ቤተሰብ «በጣልያን ጊዜ» ካለ፣ ዓመቱን አገኛችሁት። እኔ ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሠራው ግቢው ውስጥ ብቻዬን ቆሜ አጨብጭቤያለሁ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ሐውልት በቀብር ዕለት አይቆምም። ለአርባው፣ ለሙት ዓመቱ፣ አንዳንዴም ከብዙ ዓመት በኋላ ልጆች ሲደርሱ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጽሑፉ የቆየ ቢመስልም ባይመስልም የሞቱን ቀንና ሐውልቱ የቆመበትን ቀን ለዩ።

ማዕረጉን ተመልከቱ

ከስም ፊት ያለው ቃል ብዙ ይናገራል። ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች ከታች ወደ ላይ የሚሄድ የጦርና የአስተዳደር ማዕረግ ነው። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ ሐይቅ ዳር ላለ የገበያ ከተማ ይህን ማየት ደስ ይላል። ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ የዘመናዊው ጦር ነው። አባ ብሎ የፈረስ ስም የተጨመረበት ካገኛችሁ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው እንደተባሉት፣ ተዋጊ ሰው ነበር ማለት ነው።

በቤተ ክህነት በኩል መሪጌታ፣ ሊቀ ጠበብት፣ አለቃ፣ ቄሰ ገበዝ፣ መምሬ ታገኛላችሁ። የሴቶች ድንጋይ ላይ ወይዘሮና እማሆይ። እማሆይ ካለ በሕይወቷ መጨረሻ መንኩሳ ነበር ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባሏ ከሞተ በኋላ። በአንዲት ቃል ውስጥ የሰው ሕይወት ሁለት ምዕራፍ አለ።

የትውልድ አገርም ይጻፋል። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና ፖሊ ቴክኒኩ ሲከፈቱ ባሕር ዳር ከየአገሩ ሰው ጠርታለች። ከዚያ በኋላ ባሉት መቃብሮች የተወለዱበትን ቦታ ብቻ እየነጠላችሁ ጻፉ። ከተማዋ እንዴት እንደተሠራች ከዚያ ዝርዝር ይገባችኋል።

ጥቅሱንና ቅኔውን አትዝለሉ

በግዕዝ «ክቡር ሞቱ ለጻድቅ በቅድመ እግዚአብሔር» የሚለው የዳዊት ቃል፣ በአማርኛ ደግሞ «መልካሙን ገድል ተጋድያለሁ፣ ሩጫውን ጨርሻለሁ» የሚለው የጳውሎስ ቃል በብዛት ያጋጥማችኋል። እነዚህን አውቃችሁ እለፉ። መቆም ያለባችሁ ጥቅስ ያልሆነ ግዕዝ ስታገኙ ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። በሊቅ መቃብር ላይ ተማሪዎቹ ቅኔ ቢያጽፉ አይገርምም። ሁለት መስመር ብቻ ከሆነች ጉባኤ ቃና ልትሆን ትችላለች፤ ከቅኔ ዓይነቶች አጭሯ ናት። ትርጉሙን በግምት ለማውጣት አትድከሙ። ሰሙን ብታገኙት ወርቁ ያመልጣችኋል። ፊደል በፊደል ገልብጡ፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ሳይምታታ። እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠም እንዲሁ። በቅኔ አንድ ፊደል ሲለወጥ ፍቺው ይገለበጣል። ከዚያ ለአንድ የቅኔ መምህር አሳዩ። የኔታ ሁለት መስመሯን ሲፈቱላችሁ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ያ ግማሽ ሰዓት የጉብኝቱ ሁሉ ምርጥ ክፍል ነው።

የእጅ ሥራውን እዩ

የጣና ዳር ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ጠንካራም ነው። ረቂቅ ፊደል ለመቅረጽ አይመችም። ስለዚህ በጥርብ ድንጋይ ላይ ያለው ፊደል ትልልቅና ወፍራም ነው፣ መስመሩም ጥቂት። ሲሚንቶ ሲመጣ ነገር ተለወጠ። እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በምስማር እንደ ደብተር መጻፍ ይቻላል። በዚህ ዓይነት መቃብር ላይ የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ ታያላችሁ፤ ሲቸኩል የተጋደመ ፊደል፣ ቦታ ሲያንሰው የተጠጋጋ መስመር፣ የተረሳና ከላይ የተጨመረ ቃል። ከውድ እምነበረድ ይልቅ እኔን የሚይዘኝ ይህ ነው። እምነበረዱን ዛሬ ማሽን ይጽፈዋል። ሲሚንቶውን የጻፈው የሠፈር ግንበኛ ወይም የሟቹ ልጅ ነው።

መስቀሉን አነጻጽሩ። አንዱ ቀጥ ያለ ተራ መስቀል ነው። ሌላው እንደ ሐረግ የተጠላለፈ፣ የእጅ መስቀልን አምሳል የያዘ ነው። ሁለት ሦስት መቃብር ላይ አንድ ዓይነት ሐረግ ካያችሁ የአንድ ባለሙያ እጅ ሊሆን ይችላል። ጠይቁ፤ በአካባቢው ሐውልት ሠሪ ማን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም።

ፎቶ ሌላው ነው። በሴራሚክ ላይ የታተመ ወይም በመስታወት ሥር የገባ የሟች ፎቶ። ለሐውልት ተብሎ የተነሳ ፎቶ ግን ብርቅ ነው። አብዛኛው ከመታወቂያ፣ ከሠርግ፣ ከጓደኛ ጋር ከተነሱት ተቆርጦ የወጣ ነው። ትከሻው ላይ የሌላ ሰው እጅ የቀረበት ፎቶ አይቻለሁ። ልብሱን፣ የፀጉሩን አቆራረጥ፣ የወታደሩን ቆብ ተመልከቱ፤ ዓመት በሌለበት ድንጋይ ዘመኑን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ አማርኛችን የመቃብሩንም ድንጋይ፣ የአደባባዩንም መታሰቢያ ሐውልት ነው የሚለው። በዓባይ ዳር ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ካያችሁ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብትመለሱ ልዩነቱ ይሰማችኋል። ያኛው ስለ ብዙዎች በአንድ ላይ ይናገራል። ይኼኛው አንድን ሰው በስም ይጠራል።

ብርሃንና ጽዳት

የተጋደመ ድንጋይ በጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ይነበባል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የፊደሉ ጎድጓዳ ጥላ ይይዛል። ፊቱ ወደ ምሥራቅ የዞረ ቋሚ ድንጋይ ግን ጠዋት ብርሃን ፊት ለፊት ስለሚመታው ፊደሉ ይጠፋል፤ እሱን ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ብርሃኑ ከላይ ሲወርድ እዩት። ጥላ ውስጥ ከሆነ መስታወታችሁን ይዛችሁ ብርሃን ከጎን አሳርፉበት።

ውኃ ረጭ አድርጉ፣ በጨርቅ ቀስ ብላችሁ አድርቁ። ከዚህ በላይ አትሂዱ። የሽቦ ብሩሽ፣ በረኪና፣ አሲድ፣ ቢላ አይነካም። ድንጋዩ ላይ የያዘውን ሽበት አትፋቁ፤ አብሮ የሚነሳው ፊደሉ ነው። ፊደሉን በጠመኔ ማጉላትም ተዉ። አንድ ጊዜ ቀለም የሞሉበት ፊደል አይቻለሁ፤ ቀለሙን የቀባው ሰው ፯ን ፮ አድርጎት ነበር። አሁን ያ መቃብር ላይ ትክክለኛውን ዓመት ማንም አያነበውም።

ለእያንዳንዱ መቃብር ሦስት ፎቶ ይበቃል። አንድ ከሩቅ፣ ዙሪያው እንዲታይ። አንድ ሙሉ ድንጋዩን። አንድ ጽሑፉን ብቻ።

የሙስሊሙን መቃብር ማየት ከፈለጋችሁ

መጀመሪያ በአካባቢው መስጊድ ጠይቁ፤ ቀብር ቦታው ከመስጊዱ ተለይቶ ስለሚገኝ የሚመራችሁ ሰው ያስፈልጋል። እዚህ ብዙ ጽሑፍ አትጠብቁ። መቃብርን አለማስጌጥ ከእምነቱ የመጣ ነው፤ ድንጋይ በራስና በግርጌ ይተከላል፣ አልፎ አልፎ ስምና ዓመት። አቅጣጫውን ግን ልብ በሉ። ሟች በቀኝ ጎኑ ፊቱ ወደ ቂብላ ሆኖ ነው የሚቀበረው። መካ ከባሕር ዳር በሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ነው። ስለዚህ ራሱ ወደ ምሥራቅ ይሆናል። ከሩቅ ሲታይ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መቃብር ወደ አንድ መስመር የተጠጋ ነው፤ የራሱ ቦታ ብቻ ይለያያል። መቃብር ላይ አትራመዱ፣ አትቀመጡ።

ከዚያ ወደ ሐይቁ

የከተማውን ካያችሁ በኋላ ጣና ውስጥ ያሉትን ማየት ይቀላል። በመጀመሪያ የመንገዱንና የሐይቁን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቁ። ጠዋት በማለዳ ተነሱ፤ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባ ያስቸግራል።

ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት መቃብር ነው ቢባል አይበዛም። በገዳሙ ዕቃ ቤት የአምስት ነገሥታት አፅም በመስታወት ክዳን ሣጥን ውስጥ አለ። ከ1270 እስከ 1285 እ.ኤ.አ. የነገሡት ይኩኖ አምላክ፣ ግማደ መስቀሉን አስመጡ የሚባሉት ዐፄ ዳዊት፣ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዘርዐ ያዕቆብ፣ ነግሠው ብዙም ሳይቆዩ በ1604 በጦርነት የተገደሉት ዘድንግል፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ። እዚያ የተጻፈ ድንጋይ አትፈልጉ። ማን ማን እንደሆነ የሚነግሯችሁ መነኩሴው ናቸው። ስሙ በሰው አፍ ላይ ነው ያለው። ሲናገሩ ቃላቸውን እንዳለ ጻፉ፤ ይህም ምንጭ ነው።

ዳጋ ሴት አይገባም፤ ክብራን ገብርኤልም እንዲሁ። ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ እህቶቼ ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትቀራላችሁ። ለሁሉም ክፍት የሆነው ዘጌ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡና የበላኤ ሰብእን ሥዕል ፈልጉ። ሰባ ስምንት ሰው የበላው ሰው ነፍሱ በሚዛን ስትቀመጥ፣ ለተጠማ የሰጣት ጥርኝ ውኃና የእመቤታችን ጥላ ሚዛኑን ሲደፉት ታያላችሁ። በከተማው ግቢ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ቃል ስታነቡ የቆያችሁ ሰዎች ከሆናችሁ፣ ጻፊዎቹ በልባቸው የያዙት ሥዕል ይህ ነው። ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። መቃብሯ አይደለም። ግን ሥዕሉ የሚለው «አስቡኝ» ነው።

ሌሎችም የነገሥታት መቃብሮች አሉ። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ሬማ ደሴት ናቸው። በ1706 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ውስጥ የተገደሉት ታላቁ ኢያሱ ምጽራሃ ደሴት ናቸው። ጊዜ ካላችሁ።

የያዛችሁትን መልሱ

በየመቃብሩ አንድ ገጽ ስጡ። የክርስትና ስም፣ የዓለም ስም፣ ማዕረግ፣ ቀን፣ ጽሑፉ እንዳለ፣ ድንጋዩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከየትኛው ዛፍ ወይም በር በስንት እርምጃ ላይ እንዳለ። ያላነበባችሁትን ፊደል ባዶ ተዉት፣ በግምት አትሙሉት። በቅርብ የሞቱ ሰዎችን ስምና ፎቶ ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ አታውጡ።

ከዚያ አሳትሙት። ፎቶ ኮፒ ይበቃል። አንዱን ለደብሩ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለዕድሩ ስጡ። እኔ የመጀመሪያውን ቅጂ ለቄሰ ገበዙ ስሰጣቸው መነጽራቸውን አውጥተው እዚያው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እርሳሴን ተቀበሉኝ። ባዶ የተውኳቸውን ሦስት ቦታዎች ሞሉልኝ፣ አንድ ስም አረሙ፤ ቀጥሎም ጽሑፍ ወደሌለው ክምር ድንጋይ እያሳዩ «ይኼንንስ ለምን አልጻፍከውም? ጻፍ» አሉኝ። ደብተሬን ከፈትኩ።